የትኛውን ካሜራ እንደምልክልህ

ለውድ ወንድሜ ለእንድርያስ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ሳሉስ ለቀቀህ? የሻርጃ ምግብ ተስማማህ ወይስ አሁንም በሻይና በዳቦ ነው የምትውለው? ያ የጀርባህ ሕመም እንዳይነሳብህ ከባድ ዕቃ ብቻህን አታንሳ። እኔ እህትህ ዘቢደር ላንተ ጤናና ዕድሜ እየለመንኩ አለሁ።

ባለፈው ስትደውል፣ «የሰርግ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከሁለቱ ካሜራዎች የተሻለውን አንቺ ያዢና ሌላውን ላኪልኝ» ብለኸኝ ነበር። ጎረቤታችን ሊሊሳ እሁድ ወደዚያው ስለሚበር፣ በስልክ ከምንተባተብ ብዬ ይህን ደብዳቤ ከካሜራው ጋር በእጁ ላክሁልህ። ካሜራዎቹን ላወዳድራቸው ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱንም አንግቤ ወደ እንጦጦ ወጣሁ።

መጀመሪያ ከፓርኩ ወዲህ ባሕር ዛፉ ሥር የካሜራውን ስታንድ ተከልኩ። ያንኑ አንድ ሌንስ ከእኔው ካሜራ ፈትቼ ባንተው፣ ካንተው ፈትቼ በእኔው ላይ እየገጠምኩ አንዱን ቦታ ደጋግሜ አነሳሁ። ፀሐይ ላይ መንትዮች ናቸው። ያንተው ሰማዩን ትንሽ ያደምቃል፣ የእኔው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ይህ ግን የሚያጣላ አይደለም። ነገር ግን ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ይነግረኛል? ድሮ ብርሃን ስንለካ የምትቆምልኝ አንተ ነበርክ። አጠገቤ በስልካቸው ራሳቸውን የሚያነሱ ሁለት ወጣቶች ነበሩና «ላንሳችሁ?» አልኳቸው። «አይ፣ ይሄ ይበቃናል» አሉኝ። ስታንዱን ነቅዬ ወደ እንጦጦ ማርያም አቀናሁ።

ከአጥሩ ሥር ጧፍ የሚሸጡ እማማ የማርያምወርቅ የሚባሉ እናት አሉ። የላስቲክ ዳሳቸው ውስጥ ጨለምለም ይላል፤ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነበር። አስፈቅጄ በሁለቱም አነሳኋቸው። «ምነው፣ አንዴ አንስተሽኝ የለም እንዴ?» አሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ሁለቱንም ምስል አስጠግተው አዩና የእኔውን «በዚችኛዋ ላይ አመድ ነስንሰሽባታል» አሉ። ያንተውን ግን ብዙ ቆዩበት። «ይቺስ እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። እውነታቸውን ነው። የእኔው ጥላ ውስጥ ሲገባ ምስሉን አሸዋ አሸዋ ያደርገዋል፤ ጠይም ጉንጫቸውን ግራጫ አድርጎታል። ያንተው የግንባራቸውን መስመር አንድ በአንድ አውጥቶታል።

ከዚያ «ከማን ጋር ነው የምትሠሪው?» አሉኝ። «ከወንድሜ ጋር» አልኳቸው፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ታዲያ የታለ?» ብለው ከኋላዬ ሲያማትሩ ዕቃዬን ሰብስቤ ተሰናበትኳቸው።

ቤት ገብቼ ምስሎቹን ኮምፒውተር ላይ እያሰፋሁ ሳይ ከድሮዎቹም ጋር ላስተያያቸው ብዬ የአራት ዓመት ሥራችንን ከፈትኩ። ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ክርስትና የሚነሳው ሕፃን፣ ስንት ሰው አንስተናል መሰለህ! እግረ መንገዴን አንተን ፈለግሁ። እንድርያስ፣ አንድ ደህና ፎቶ እንኳ የለህም። ያገኘሁህ ብርሃን የለካሁብህ ላይ ብቻ ነው፤ ነጭ ወረቀት ደረትህ ላይ ይዘህ፣ አንዱ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ሌላው ላይ «ቶሎ በይ፣ ፀሐይዋ ሄደች» እያልክ አፍህን ከፍተህ። ልናጠፋቸው ሲገባ የረሳናቸው አርባ ሦስት ፎቶዎች። ከዚያ በኋላ የትኛው ካሜራ ይሻላል የሚለውን ማየት ተውኩ፤ አንተን ብቻ ሳይ አመሸሁ።

አሁን የደበቅሁህን ልንገርህ። «ሥራ በዝቶብኛል» እያልኩ የነገርኩህ ሁሉ ውሸት ነው። ከሄድክ ስምንት ወርህ ነው፤ እስከ ማክሰኞ ድረስ ካሜራ በእጄ አልነካሁም። ላምበረት አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ሰው ስም ስጽፍ እውላለሁ። የሚያናግረኝ ሰው አላጣሁም፤ ግን ሁሉም የሚጠይቀኝ መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነው። እንዳትጨነቅብኝ ብዬ ነበር የዋሸሁህ። ይቅር በለኝ።

ካሜራውን በሚመለከት፣ የተሻለው ያንተው ነው፤ የምልክልህም እሱኑ ነው። እምቢ እንዳትለኝ። የሰርግ አዳራሽ ጨለማ ነው፣ የሰው ሙሽራ በአመድ መካከል አታነሳም። እኔ በፀሐይ እሠራለሁ። ቅዳሜ ፈቃድ ስላለኝ የእማማ የማርያምወርቅን ፎቶ አሳትሜ ይዤላቸው እወጣለሁ፤ ብቻዬን እንደምሠራም እነግራቸዋለሁ።

አከራያችን እትዬ አሳየች በጣም አድርገው ሰላም ብለውሃል፤ ስምህን ሳያነሱ አይውሉም። አብረውህ ለሚኖሩት ለበአምላክና ለጠሀ ሰላምታዬን አድርስልኝ። በአምላክን ደግሞ እንዲህ በልልኝ፦ «ካሜራው እንደደረሰ ወንድሜን በቀን ብርሃን አቁመህ አንሳልኝ፤ የምሰቅልበትን ሚስማር ግድግዳው ላይ መትቼ እየጠበቅሁ ነው።»

የምትወድህ እህትህ
ዘቢደር

ላምበረት፣ የካ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.