በግራ በኩል ያሉት ሦስቱ

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ውጭ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት። የአተር ሾርባ ሠራሁ፤ እንደ ልማዴ ለሁለት ሰው።

ቴሌቪዥኑን ከመኝታ ክፍል ወደ ሳሎን መለስኩት። ብርድ ልብስ ላይ አድርጌ ወለሉን እየጎተትኩ... ብቻዬን። ለባለቤቴ ለሃርላን ተብሎ ነበር እዚያ የገባው። የሕመምተኛ አልጋው ከተወሰደ ሰባት ሳምንት ሆነው፤ ቴሌቪዥኑ እዚያ ምን ይሠራል? ገመዶቹን ሁሉ ነቀልኩ። የቱ ከየት እንደወጣ አላየሁም።

ማርች 5

ጠዋት በረዶ ስጠርግ የሃርላንን ድምፅ ላስታውስ አልኩ። እምቢ አለኝ። ፊቱ አለ፣ እጁ አለ፣ ድምፁ የለም።

ሐኪሞቹ ማንቁርቱን ካወጡለት ወዲህ ሁለት ዓመት የእህል ዘር የሚሸጥልን ኩባንያ በሚያድለው ደብተር ላይ እየጻፈ ነው ያወራነው። ቢሆንስ? ከዚያ በፊት አርባ ሦስት ዓመት አልሰማሁትም? የባሏን ድምፅ የምትረሳ ምን ዓይነት ሴት ናት?

አንድ ዲስክ አለ። አርባኛ ዓመታችን በመንደሩ አዳራሽ ሲከበር ልጃችን ዱዌይን የቀረጸው። ድምፁ ያለበት ሌላ ምንም የለኝም። የዲቪዲ ማጫወቻውን ላገናኝ ብዬ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ባይ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ ቀዳዳ... ሁለት ቦታ! ሦስቱ እዚህ፣ ሦስቱ እዚያ። አንዱ ማስገቢያ፣ ሌላው ማውጫ ይሆናል፤ ጽሑፉ ተፋፍቋል። ተውኩት።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ልጄ ከካልጋሪ ደወለ።

«እማዬ፣ ዲቪዲ እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው። ዲስኩን በፖስታ ላኪልኝ፣ ኮምፒዩተር ላይ አድርጌ...»

«ዲስኩ ከዚህ ቤት አይወጣም። ቢጠፋስ?»

«እንግዲያው ቢጫውን ቢጫ ውስጥ፣ ነጩን ነጭ ውስጥ። ሕፃን ይሠራዋል።»

«ሕፃን ላክልኛ።»

ሳቀ። ለፋሲካ መጥቼ አስተካክልልሻለሁ አለ። እስከዚያ ማን ይጠብቃል...

ከሰዓት የቴሌቪዥኑን መመሪያ ፍለጋ መሳቢያ ስበረብር ከመመሪያው ውስጥ ወረቀት ወደቀ። የዘር ኩባንያው ወረቀት፣ የሃርላን ጽሕፈት።

«ኤልቫ፣ ገመዶቹ የተነቀሉ እንደሆነ፦ በግራ በኩል ያሉት ሦስቱ። በቀኝ ያሉትን አትንኪ።»

መቼ ጻፈው? ባለፈው መኸር ይሆናል። እኔ ወጥ ቤት ጉድ ጉድ ስል፣ እሱ ስለማይኖርበት ቀን እያሰበ... አንጀቴን በላው። ወረቀቱን ይዤ መሳቢያው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማርች 9

ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተንበርክኬ በግራ ያሉት ሦስቱ ላይ ሰካሁ። ጥቁር። «ምልክት የለም» ይላል። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ጥቁር። ሦስት ጊዜ።

በግራ ብለሃል፣ በግራ ሰክቻለሁ። ታዲያ ምን ሆነ? በመጨረሻ ተሳሳትክ? ወይስ ዲስኩ ሞቷል? ግራ ብሎ ግራ አጋባኝ። ተናደድኩበት፤ የሞተ ሰው ላይ ጮህኩ። ጉልበቴም አበጠ።

ማርች 11

ሌስተርን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። አርባ ዓመት የትራክተር መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ፣ የሃርላን ጓደኛ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው፤ አሳየሁት፤ እንደተጻፈው ሰክቼ እምቢ እንዳለኝም ነገርኩት። አነበበና ፈገግ አለ፤ ከዚያ ዓይኑን በጓንቱ ጠረገ።

«የት ሆነሽ ቆጠርሽ?»

«ከኋላው ነዋ! ቀዳዳው ያለው እዚያ አይደል?»

«አይ ኤልቫ... የማሽን ግራና ቀኝ ከሾፌሩ ወንበር ነው የሚቆጠረው። የትም ብትቆሚ አይለወጥም። ሃርላን ዕድሜውን ኮምባይነር ላይ ጨርሶ እንዴት ከኋላ ይቆጥራል?»

«ቴሌቪዥን ደግሞ የምን ሾፌር አለው?»

«ከፊቱ የሃርላን ወንበር አለ አይደል» አለኝ ቀስ ብሎ።

አንድ መከር ላይ የግራውን መለዋወጫ ተልኬ የቀኙን ገዝቼ ብመጣ ሳምንቱን ሙሉ ያሾፈብኝ ትዝ አለኝ። የገበሬ ሚስት ነኝ እላለሁ ደግሞ።

ማርች 12

ወንበሩን አየሁት። አልተቀመጥኩም።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

ተቀመጥኩ። ከጃንዋሪ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ዱዌይንም ለቀብር ሲመጣ ዞሮት ነው ያለፈው። መሀሉ ጎድጉዷል፤ ሰመጥኩ። ከዚያ ሆኜ ሳይ ግራ ማለት በመስኮቱ ወገን ነው። በቃ ይኸው ነው!

ከኋላ ዞሬ ቢጫውን ወደ መስኮቱ ወገን አዛወርኩ። ብቅ ብዬ ባይ... አዳራሹ! ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች፣ ሃርላን በሰማያዊ ከረባት፣ ማይክሮፎን ይዞ። አፉ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለም።

ልክ እንደ መጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት። ከንፈሩን እያየሁ ምን ይላል ብዬ የምገምትበት። ለዚህ ነው እንዴ የለፋሁት?

ቆይቶ ነው የገባኝ። ያዛወርኩት የምስሉን ቢጫ ብቻ ነው፤ ድምፁን የሚያመጡት ነጩና ቀዩ የድሮ ቦታቸው ናቸው። ያኔ ደግሞ ፈራሁ። ብሰማውና የማላውቀው ሰው ድምፅ ቢሆንብኝስ?

ዲስኩን ከመጀመሪያው አስጀምሬ ወደ ኋላ ገባሁ። ነጩን ሰካሁ። ቀዩን ሰካሁ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኬ፣ ምስሉ ሳይታየኝ፣ መጀመሪያ የሰማሁት ካሜራ የያዘውን ዱዌይንን ነው። «አባዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ።»

ቀጥሎ እሱ። ወፍራም፣ ጎተት የሚል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሻከር ያለ። እንዴት ረሳሁት? የኔው ሃርላን ነው።

«የማን ግራ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ያንተ» አልኩት ከኋላ ሆኜ። ከዚያ ተነሥቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።