የአባዬ እግርና የእኔ እርድ

አቦቦ፣ ሐሙስ ሐምሌ 11

ዛሬም አባዬ ጋምቤላ ሄጄ አልታከምም አለ። የእግሩ ቁስል ጠቁሯል፤ ይሸታል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለፋሲካ ስመጣ፣ እርድ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሴሎቻችን ራሳቸው ጀርም የሚገድል ፕሮቲን አብዝተው እንዲሠሩ ሲያደርግ ላብራቶሪ ውስጥ ማየቴን በኩራት አወራሁለት። ያየሁት ግን የላብራቶሪ ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች ነው እንጂ እንደ አባዬ ባለ የስኳር በሽተኛ እግር አይደለም። ያኔ ይህን አልነገርኩትም፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ሕክምናውን ትቶ ቁስሉን እርድ ብቻ ይቀባል።

ዛሬ እያለቀስኩ ነገርኩት። "አይዞሽ ልጄ፣ ትምህርትሽን አትጠራጠሪ" ብሎ እኔኑ አጽናናኝ።

እማዬ የተወቀጠ እርድ ይዛ ገባች። "አንቺ ቀቢው፤ ካንቺ እጅ ይሻለዋል" አለችኝ።

አባዬ እግሩን ዘረጋልኝ።

ቀባሁት።