ጋሼ መጣሁ ቢሮ ገቡ

ቋሚ ሆነች! ፌንጣችን ቋሚ ሠራተኛ ሆነች! ወረቀቱን ይዛ ስትገባ መቀሱን ጨርቁ ላይ እንደተከፈተ ትቼ ስጮህ ጎረቤቱ ሁሉ እሳት ተነሳ ብሎ ወጣ።

ውድ እታለም፣ እንዴት ነሽ? ሰላምታው ወደ ኋላ ቀረ፤ ምን ላድርግ፣ ደስታ ወረፋ አይጠብቅ። በስልክ እንዳልነግርሽ ባልሽ አጠገብሽ ሆነው ይሰሙኛል ብዬ ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ ትደርሺበታለሽ።

የድሮ መሥሪያ ቤቷ ከተዘጋ ወዲህ ልጄ እንዴት እንደከረመች ታውቂያለሽ። ፌንጣ ያስባላት ያ ሁሉ ዝላይዋ ጠፍቶ ከመስኮት ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መስኮት ነበር። የቤት ዕቃ ፋብሪካው በሙከራ ሲቀበላት "ይህን ሥራ ከተወጣሽው ትቀጥያለሽ፣ ካልሆነ በሰላም እንለያያለን" አሏት። ሥራው ምን መሰለሽ? ሽያጩም፣ ደንበኛውም፣ ትዕዛዙም ኮምፒውተር ውስጥ በየሰንጠረዡ ተቀምጧል። የሰንጠረዦቹ ስም ግን "ቲ ዜሮ አራት"፣ "ኦ ኤስ ኤክስ"፣ ብቻ ካወጣው ሰው በቀር ማንም የማይፈታው ነገር ነው። አለቆቹ አንዲት ሪፖርት ሲፈልጉ ፕሮግራመሩን ደጅ ይጠናሉ። እሷ እንግዲህ ሰንጠረዦቹን ሳትነካ ከላያቸው ሌላ እይታ ልትሠራ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰንጠረዥ ሰው የሚያውቀውን ስም ልትሰጥ፣ የቱ ትዕዛዝ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ ልታያይዝ፣ የማያስፈልገውን ልትደብቅ። ከዚያ አለቃው ስሙን እየመረጠ ሪፖርቱን ራሱ ያወጣል።

"ሜታዳታ ይባላል እማዬ፣ ስለ ዳታ የሚናገር ዳታ።"

"ስለ ወሬ የሚወራ ወሬ በይኛ! እሱንማ በኛ ሰፈር ማን ይችለናል?"

ቀልዴን ነው እንጂ ገብቶኛል። የእናታችን የብስኩት ቆርቆሮ ትዝ አይልሽም? ብስኩት አገኘሁ ብለሽ ከፍተሽው ቁልፍና መርፌ የወጣብሽ፣ ስታለቅሺ የዋልሽበት? በቃ፣ ክዳኑ ላይ "ቁልፍ" ብሎ መለጠፍ ነው ሥራው።

እኔ ልብስ ስጠቅም እሷ አጠገቤ ኮምፒውተሯን ከፍታ ትጠይቀኝ ጀመር።

"እማዬ፣ ድሮ ይገዙን የነበሩ፣ አሁን የጠፉ ደንበኞችን ምን ልበላቸው?"

"ያኮረፉ በያቸዋ።"

"ዛሬ ይደርሳል ተብሎ ያልደረሰ ትዕዛዝስ?"

እንግዲህ እታለም አትቆጪኝ። "ጋሼ መጣሁ!" አልኳት። ባልሽ በስልክ "መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ" ሲሉ ገና ጫማቸውን ከአልጋ ሥር እየፈለጉ እንደሆነ አንቺ ታጪዋለሽ? ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ እሷም ለጨዋታ ብላ ጻፈችው። ኋላ ደግሞ "የዘገዩ ትዕዛዞች" ምናምን የሚል፣ ለቢሮ የሚሆን ጨዋ ቅጂ ሠራች።

የማሳያው ቀን አለቆች ሁሉ ተሰብስበው፣ ስክሪኑ ግድግዳውን አክሎ፣ ልጄ ስትከፍተው የወጣው የቱ ቅጂ ይመስልሻል? የእኛው! "ጋሼ መጣሁ" በትልቁ! ዋና ሥራ አስኪያጁን "ቅንድብ" ትላቸዋለች፤ ያልጣማቸው ነገር ሲኖር አፋቸው ዝም ብሎ ቅንድባቸው ነው የሚናገረው። ተነሳ ቅንድቡ።

"ጋሼ መጣሁ ማናቸው?"

"የ… የአክስቴ ባል ናቸው።"

"እኛ ጋ ምን ይሠራሉ?"

"ይዘገያሉ" አለች ልጅሽ።

የማጓጓዣ ኃላፊው "ይቺ ለኔ ናት!" ብሎ ሲጮህ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቅንድብ ግን አልሳቁም። እሷ በልቧ ዕቃዋን ሰብስባ ጨርሳለች። ሰውዬው ተነሥተው፣ ማውሱን ከእጇ ወስደው፣ ራሳቸው ጋሼን ተጫኑ። ያልደረሰው ትዕዛዝ ከነደንበኛው ተዘረገፈ።

"በየሰፈሩ ይለይልኛል?"

"'አካባቢ' የሚለውን ይጎትቱት።"

ጎተቱት፣ ተለየላቸው። "ፕሮግራመሩን ሳልጠራ?" አሉ እንደ ልጅ። ወዲያው "ያኮረፉ" ላይ ሄደው "እንዴ፣ እኚህ ሰውዬ ትተውናል እንዴ? ዛሬውኑ ይደወልላቸው!" ይሉ ጀመር። አንዴ ከያዙት ማን ያስለቅቃቸው!

ፌንጣ ስሞቹን አስተካክላለሁ ብትል "ምኑን? እኔ እንኳ የገባኝ በዚህ ስም ነው። የጋሼን ግን ባለቤቱን አስፈቅጂ" አሏት። አሁን ቢሮው ጠዋት ጠዋት "ዛሬ ጋሼ መጣሁ ስንት ደረሱ?" ነው የሚባባለው። የማጓጓዣው ሰውዬም ጋሼን ባዶ ሳላደርግ አልተኛም ብሎ ምሏል አሉ።

ልጄ ትናንት ደረጃውን እየዘለለች ወረደች፣ እታለም። ስንት ጊዜዬ እሱን ካየሁ!

እንግዲህ ፈቃዱን ጋሼን ፊት ለፊት ነው የምንለምናቸው፣ ምሳ አብልተን፣ ሆዳቸው ሲሞላ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ።

ባለመቀሷ ታናሽሽ

ውይ፣ ዋናውን ረሳሁት! ድግሱ የፊታችን እሁድ ነው፣ ምሳ ሰዓት፤ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም አንድ እንዳይቀር። ለጋሼ ግን ቅዳሜ ነው በያቸው።