ጌታችን ሬኖ በሕይወት አሉ

ለውዷ ጓደኛዬ ለኤርመሊን፤

ከኤግ ሞርት ወደብ በዚህች ቁራጭ ብራና እጽፍልሻለሁ። የጨው ክምሩ እንደ አገራችን የጥር በረዶ ነጭ ነው።

ጌታችን ሬኖ በሕይወት አሉ! ዛሬ ጠዋት የተፈቱ ምርኮኞችን የጫነች መርከብ ገባች። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ከሲታ ሰው ወርዶ «ማኦዬ!» ብሎ እመቤታችንን በስማቸው ተጣራ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። አምና «ባልሽ ነኝ» ብሎ የመጣባቸውን አጭበርባሪ ታስታውሻለሽ።

«ባሌ ከሆንክ፣ ለጦርነት ስትሄድ በሩ ላይ ምን አልኩህ?» አሉት።

«‹ያንን ድስት ከራስህ ላይ አውልቅና ሳመኝ› ነዋ! የራስ ቁሬን ድስት ብለሽ ወታደሮቼን ሁሉ አሳቅሽብኝ።»

ስድስት ዓመት እንባ ያላየሁባቸው እመቤቴ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ጌታችንም አጠገባቸው ተቀመጡ።

አባቷን አይታ የማታውቀው ትንሿ ኢዛቦ ግን ቀሚሴ ውስጥ ተደብቃ «ይሄ ሽማግሌ ከእኛ ጋር ሊሄድ ነው?» አለችኝ።

ሰምተዋታል። «ካልፈቀድሽልኝማ አልሄድም፣ የኔ እመቤት» አሏት።

ትንሽ አሰበችና «ጢምህን ከተላጨህ እሺ» አለች።

ይኸው አሁን እየተላጩ ነው፤ መስተዋቱን የያዘችላቸው እሷ ናት።

ቦታው አለቀብኝ። ባልሽንና ልጆችሽን ሳሚልኝ። ለጌታችን ለሬኖ እናት ግን ቀስ ብለሽ፣ መጀመሪያ አስቀምጠሽ ንገሪያቸው።

ያንቺው ፔሮኔል