ዳባት ፍተሻ ላይ የቀረው የወቅቶች ደብተር

ይድረስ ለባለቤቴ ለአስረስ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኛ ደባርቅ እዚያው ቤት ነን። በቅሎህን ለወንድምህ ሰጠኋት። ምሕረት ልጃችን ስድስተኛ ክፍል ገባች፤ አረማመዷ ቁርጥ አንተን ሆኗል። ይህን ብቻ ጽፌ ባበቃሁ ደስ ባለኝ። ግን ደብተርህን አጣሁት።

ጎንደር ወስጄ ላስተይበው ነበር። ዳባት ልንገባ ስንል ታጣቂዎች መኪናውን አስቁመው አስወረዱን። አንደኛው ቦርሳዬን ሲበረብር ደብተሩን አገኘ። ተራራ ያስጎበኘኸው ጃፓናዊ ትቶልህ ከሄደው መጽሐፍ የገለበጥሃቸውን፣ ጃፓኖችም የሚጽፉባቸውን የቻይና ፊደላት ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህ የምን ምልክት ነው?»

«የግጥም ነው። የጥንት ጃፓኖች ስለ ወቅቶች የገጠሙትን ባለቤቴ ወደ አማርኛ እየመለሰው ነበር።»

«ባልሽ የት ነው?»

«ሞቷል።»

አላመነኝም። መኪናው ጥሎኝ ሄደ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁት፤ የደበቅሁት ነገር ያለ እንዳይመስላቸው ብዬ ደግሞ መልሼ አወጣሁት።

አለቃቸው መጣና አንዱን ፊደል በጣቱ ነክቶ «አንብቢው» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱን አሳይተኸኛል።

«ላይኛው መኸር ነው፤ ታችኛው ልብ። ሲደራረቡ ሐዘን ይሆናል።»

ከዚያ የነገርኸኝን ሁሉ ለፈለፍሁ። በመኸር ማዘንን ጃፓኖች ከቻይና ግጥም እንደተማሩ፣ ፕለም የሚባለውን የፍሬ ዛፍ አበባ ማወደስም ከዚያው እንደወሰዱ፣ ኋላ ግን ልባቸው ወደ አገራቸው የቼሪ አበባ እንደሸፈተ። መኸር ለእኛ የአዝመራ ደስታ ስለሆነ ቃሉን ለመመለስ ስንት ቀን እንደተጨነቅህም ነገርሁት።

ደብተሩን ከደነው። «አንቺ ሂጂ። ደብተሩ ይቀራል» አለ።

ለመንሁት። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ሄድሁ። ይቅር በለኝ አስረስ፣ ጥዬው ሄድሁ።

ቤት ገብቼ የማስታውሰውን መጻፍ ጀመርሁ። አሥራ አንደኛው ግጥም ላይ ስቆም ምሕረት ቀጠለች። ስለ ጸደይ ጭጋግ፣ በዝይ እግር ደብዳቤ አስሮ ስለላከው ቻይናዊ ምርኮኛ፣ እኔ ሰምቻቸው የማላውቃቸውን ሁሉ አከታተለች። «አባባ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ይነግረኝ ነበር» አለችኝ። እኔ ስለ ትምህርቷ ብቻ የምታወሩ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት አብረን እንጽፋለን። ያንተን ቃል ከእኛ ቃል መለየት ባቃተን ቦታ በእርሳስ እናሰምራለን። እኔ ብረሳህ እሷ ታስታውሰኛለች፤ እሷ ብትረሳ እኔ አለሁ።

ባለቤትህ እናኑ