ደረቁ ወንዝና የሦስተኛ ሀ ልጆች

መጋቢት 11 ቀን 1999

ዛሬ ለሦስተኛ ሀ ስለ ወቅቶች አስተማርኩ። መጽሐፉ ዝናብ በሰኔ ይጀምራል ይላል። ሳፊያ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እኛ ጋ አሁንም ይዘንባል።" ልክ ናት... ትምህርት ቤታችን ያለበት ገጠር፣ ድሬ ጠያራ፣ በልግ አለው። መጽሐፉን ዘጋሁትና ስለ በልግ አወራን። ጣሪያ ቀድሞ መድፈን፣ እህል ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ የሞላ ወንዝ አለመሻገር። ኦሮምኛዬ ከተማ፣ ፈላና በር ገበያ የተለቀመ ኦሮምኛ ነው፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ቤት ስደርስ እናቴ የጾም ሽሮ አቆይታልኛለች። ደክሞኛል።

መጋቢት 14

ከሰዓት ደመናው ጠቆረ። ርእሰ መምህሩ ጋሽ ወልደሚካኤል ደወሉን መቱት። ደወላችን ያረጀ የመኪና ቸርኬ ነው፣ አገር ይሰማዋል። እዚህ ሰማይ ከጠቆረ ልጆች ቶሎ ይለቀቃሉ፣ ዝናቡ ሳይቀድማቸው ቤት እንዲገቡ። የኖረ ልማድ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ከተማ ስማር እንደዚያው ነበር፣ ደስታችን ለጉድ።

ግን እኛ ወንዝ አልነበረብንም። ከነዚህ ግማሾቹ ደረቁን ወንዝ ይሻገራሉ። አሸዋ ብቻ ነው፣ ከብት ይተኛበታል። በር ላይ ቆሜ ሲሮጡ አያቸዋለሁ። የመጨረሻዋ ልጅ ወዲያኛው ዳር እንደ ወጣች ውሃው መጣ። ድንጋይ እያንከባለለ። እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም፤ የዘነበው ላይ ተራራው ላይ ነው።

ክው አልኩ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዋ ተፈትቶ ለማሰር ጎንበስ ብትል ኖሮስ?

መጋቢት 15

እንቅልፍ እምቢ አለ። ዓምና የድሬዳዋው ጎርፍ ጊዜ እዚያ የነበረችው አክስቴ የነገረችን ሁሉ መጣብኝ። ውሃው ሳይታይ ድምፁ ይሰማል ብላ ነበር።

መጋቢት 17

ለጋሽ ወልደሚካኤል ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ ደመና ሲመጣ ከመልቀቅ ብናቆያቸውስ? ውሃው እስኪያልፍ።"

"እስከ ስንት ሰዓት? ሲመሽ ጅቡን አንቺ ትመልሺዋለሽ?"

"ግን እርስዎም አይተዋል..."

"ወላጅ ልጄን አገቱብኝ ሲለኝ ምን እላለሁ? ተይ ልጄ።"

እውነታቸውን ነው። ጅቡም ውሸት አይደለም። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

መጋቢት 18

ለክፍሌ ነገርኳቸው። ላይ ተራራው ከጠቆረ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ወንዙ አይታመንም። ዳር ላይ ተቀመጡ፣ አሸዋው ላይ አትውረዱ። በቃላቸው አስያዝኳቸው። ሳፊያ ጠየቀች፣ "ሂዱ ተብሎ ቢደወልስ?"

"ቢደወልም" አልኩ።

ጋሽ ወልደሚካኤል ቢሰሙ ጉዴ ፈላ። ፈራሁ። ግን ያልኩትን አልሻርኩም።

ሚያዝያ 4

የሳፊያ አባት አቶ ዓብዱላሂ መጡ። ትናንት ደመና ነበር፣ ተደውሎ ልጆች ተለቀቁ። ሳፊያ ዳር ላይ ተቀምጣ አልሻገርም ብላ ሲመሽ ገባች። ውሃውም አልመጣ።

"ወላሂ ቲቸር፣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ሁለተኛ ከቆየች ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ።"

"ይምጡ" አልኩ። ትልቅ ሰው አብሯት ካለ ጅቡም አይደፍር። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሚያዝያ 9

ደመና መጣ፣ ሄደ። ምንም። 

ሚያዝያ 11

ጋሽ ወልደሚካኤል ስብሰባ ከተማ ገብተዋል። ደወሉ በእኔ እጅ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራራው ጠቆረ።

አልደወልኩም። ልጆቹን በሙሉ ግቢ ውስጥ አቆየሁ። መሸት ሲል ላይ በኩል ድምፅ ሰማሁ፣ ብረት እንደሚጎተት። ልክ ነበርኩ አልኩ በሆዴ። እንዲያውም ኮራሁ።

ከግቢው በር ሳይ አቶ ዓብዱላሂ ወዲያኛው ዳር ብቅ አሉ። ለሳፊያ የዝናብ ላስቲክ በብብታቸው ይዘዋል። አሸዋው ገና ደረቅ ነው። ወረዱ።

"ይመለሱ" ብዬ ጮህኩ፣ እጄን አወዛወዝኩ። ሰላምታ መሰላቸው። እጃቸውን አነሱልኝ...

ሳፊያ አጠገቤ ነበረች። ሌላውን መጻፍ አልችልም።

ሚያዝያ 12

ጠዋት አቶ ዓብዱላሂን ከወንዙ ታች አገኟቸው። ወዲያው ተቀበሩ። ለቅሶ ቤት ገባሁ። ሳፊያ ቀና ብላ አላየችኝም። እናትየው እጄን ይዘው "ልጄን አቆየሽልኝ" አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 15

ጋሽ ወልደሚካኤል ቢሮ ጠሩኝ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር። "ብትደውዪና ውሃው ቢቀድም ኖሮ አሸዋው ላይ የሚሆኑት ልጆቹ ነበሩ" አሉ።  ስንት ዓመት ሲደውሉ እንደኖሩ እያሰቡ ይመስለኛል።

እኔስ? ልጆቹን በቃላቸው አስያዝኩ። ልጅ ሲዘገይበት የትኛው አባት ቤቱ ይቀመጣል? ይህን እንዴት አላሰብኩም? ይምጡ አልኩ እንጂ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል... የፈራሁት ግን በዚህ በኩል አልነበረም።

ሚያዝያ 19

ከጁምዓ በኋላ ከጋሽ ወልደሚካኤል ጋር መንደሩ ሄድን። ወላጆቹ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ደመና ካለ አንደውልም፣ እናንተም ከዳር እንዳትወርዱ፣ ውሃው ሲያልፍ እኛው እናሻግራቸዋለን አልናቸው። ማንም አልተከራከረ። ጅቡንም ማንም አላነሳ። የሳፊያ እናት ከኋላ ቆመው ነበር።

ሚያዝያ 29

ሳፊያ ከተመለሰች ሳምንቷ። ትጽፋለች፣ ትሰማለች፣ አትናገርም።

ዛሬ ጠቆረ። አልተደወለም። ልጆቹን ልቆጥር ዞር ስል የሳፊያ ቦታ ባዶ ነው። ሞትኩ። ወደ ወንዙ እንዴት እንደ ሮጥኩ አላውቅም።

ዳር ላይ ቆማለች። አሸዋው ላይ አልወረደችም። ወዲያ ማዶ እናቷ ከሌሎች ሴቶች ጋር ወደ ወንዙ እየመጡ ነው። "አዮ፣ ሂን ዱፊን" ትላለች ባለ በሌለ ኃይሏ። እማዬ፣ አትምጪ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅዋ ነው።

እናትየው ሰሙ። ሻሻቸውን አውለበለቡና ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ሳፊያ ግን አላቆመችም። አይተውሻል፣ ተቀምጠዋል አልኳት። አልሰማችኝም። ውሃው መጥቶ፣ አልፎ፣ አሸዋው ተመልሶ እስኪታይ ድረስ አትምጪ ትል ነበር።