የተገለበጠው ረድፍ

ጥር 9
ለፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ የቀረው የድሮ ማሳ መዝገብ ቅጂ ብቻ ነው። የስንዴውን ሙከራ ካርቶን ከመደርደሪያ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ስሜን ያስጠራው ጽሑፍ የወጣው ከዚህ ካርቶን ነው። አቧራው ሲያስነጥሰኝ ዋለ። ታናሽ እህቴ ደውላ፣ "ፕሮፌሰርዬ፣ ለሹመትሽ ቀን ምን ልልበስ?" አለችኝ። ገና ነው ብላት መች ሰምታ።

ጥር 10
አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ማሳው ላይ ቁጥር የምንሰጠው እየተጠማዘዝን ነው፤ አንደኛውን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንዲህ እያልን። መዝገቡ 11ኛዋ መደብ ከሁሉ በላይ ምርት ሰጠች ይላል። ንድፉ ላይ ግን ያቺው መደብ በጎርፍ እንደተጠረገች በራሴ እጅ ጽፌአለሁ... የታጨደው ቁጥር እየተጻፈበት በከረጢት ሲታሰር ሁለተኛው ረድፍም ከግራ ተቆጥሮ ይሆን? ደክሞኝ ነው። ነገ አየዋለሁ።

ጥር 11
ሁለተኛውንና አራተኛውን ረድፍ ገልብጬ አሰላሁ። ሦስት ጊዜ። ያ ያሞገስነው ዘር ከሌሎቹ በምንም አይበልጥም። ዘር የሚያባዛው ድርጅት ደግሞ ዘንድሮ ለገበሬ ሊያከፋፍለው ነው።

ጥር 13
የማሳውን ቴክኒሻን አነጋገርኩ። ሜትር ከኪሳቸው ስለማይጠፋ ጋሽ ሜትር እንላቸዋለን። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ብዙ አዩት።
"እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ የኔ ልጅ?"
"አይደለም ጋሼ። ባጨድንበት ሳምንት ታመው ነበር።"
"ታዲያ ከረጢቱን ማን አሰረው?"
እኔ። ዝናብ መጣሁ መጣሁ እያለ፣ ንድፉን ሳላይ፣ በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ...
"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። አንቺ ግን ሳትለቅሚ ስድስት ዓመት ተቀመጥሽ!" ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥር 15
ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነገርኩት። በሩን ዘጋ። "ቴክኒሻኑ ተሳሳተ በይና ማረሚያ ይውጣ። ያንቺ ስም አይነካም። ሰውዬው እንደሆነ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ነው የቀረው።" ደሜ ፈላ። ግን እዚህ እንኳ ካልዋሸሁ... ለአፍታ አስቤበታለሁ። ደረጃውን እየወረድኩ "ምን ይጎዳቸዋል?" ብያለሁ። አፈርኩ።

ጥር 19
ጠዋት ለመጽሔቱም ለድርጅቱም ላክሁ። ጽሑፉ ይሰረዝ፣ ዘሩ ይቁም፣ ስህተቱ የኔ ብቻ ነው። ማመልከቻዬንም አነሳሁ። እህቴ፣ "ለማን ብለሽ ነው?" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

የካቲት 3
የሻይ ክበብ ስገባ ወሬ ይቆማል።

መጋቢት 21
ጋሽ ሜትር ዛሬ ተሸኙ። ሁሉም ሲበተን ከኮታቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። "ከረጢቶቹን በተሳሳተ ቁጥር ያሰርኩት እኔ ነኝ" ይላል። ከሥሩ ፊርማቸው። ጥር 19።
"ኃላፊው አምጥቶልኝ ፈረምኩ። ያንቺ ደብዳቤ ቀድሞ ሄዶ ኖሮ ወረቀቱን መለሰልኝ።"
"ጋሼ፣ ታመው እንደነበር እያወቁ?"
"ፕሮፌሰር ስትባዪ ልይ ብዬ ነዋ።"
አቅፌያቸው አለቀስኩ። አንድ ቀን ብዘገይ ይህ ወረቀት ተልኮ፣ እሳቸውን ረግጬ አልፌ ነበር፤ ያውም ሳላውቀው። ተባባሪ ፕሮፌሰር እንደሆንኩ ጡረታ እወጣለሁ። ይሁን።